ፖርት ማድረግ ከንቱ ልፋት አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ኮድ የሚጽፈው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲላላከው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል፤ «ምን ትላለህ?» ከሚል ጥያቄ ጋር። የምለውን ልጻፈው።

ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ቢልድ ቱል ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም) እየጠራ፣ የተቀየረውን ፋይል ብቻ እየለየ፣ ከሶርስ ኮዳችን የሚሠራ ፕሮግራም የሚያወጣልን የኮማንድ ላይን መሣሪያ ነው። ሜክና ኒንጃ ከታወቁት መካከል ናቸው። የጸሐፊው አቋም ለሊኑክስ የተሠራ እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ዊንዶውስ ፖርት ማድረግ፣ ማለትም ዊንዶውስ ላይም እንዲሠራ አስተካክሎ ማሻገር፣ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነው።

ምክንያቶቻቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ደብሊው ኤስ ኤል ስላለ ሊኑክሱን ዊንዶውስ ውስጥ ጭኖ መገላገል ይቻላል። ሁለተኛ፣ እሱ እንኳ ባይሆን ሊኑክስን የሚያስመስሉት ሲግዊንና ኤምሲስ 2 አሉ፤ ኮዱ ሳይነካ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ፖርት ማድረግ ኮዱን ያበላሻል፣ ነባሮቹን የሊኑክስ ተጠቃሚዎችም ይጎዳል። አራተኛ፣ ፕሮግራመር መሆን የሚፈልግ ሰው ሊኑክስ ይማር እንጂ መሣሪያው ወደ እሱ መምጣት የለበትም። አምስተኛ፣ ፖርት ያደረገው ሰው ነገ ይጠፋል፣ ጣጣው ለባለቤቶቹ ይተርፋል።

ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አምስተኛው ላይ ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። ድምዳሜያቸው ግን ልክ አይደለም፣ እኛ ላለንበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ከደብሊው ኤስ ኤል ልጀምር፤ ሰውን ሁሉ ያሳመነው እሱ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት በ2016 ያወጣው፣ ሁለተኛውን ስሪት ደግሞ በ2019 ያስተዋወቀው፣ ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስ የሚያስኬድ ነገር ነው። ጥሩ ነገር ነው። ሥራችሁ መጨረሻው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ነገር ግን ቢልድ ቱል የምንፈልገው መጨረሻ ላይ ለሚወጣው ነገር ብለን ነው። ደብሊው ኤስ ኤል ውስጥ በተለመደው መንገድ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ፕሮግራም የሊኑክስ ፕሮግራም ነው የሚሆነው። ፒያሳ አካባቢ ላለ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ አስቡ። ባለሱቁ ያለው ዊንዶውስ ነው። ደብል ክሊክ ሲያደርግ እንዲከፈትለት ነው የሚፈልገው፣ ስለ ሊኑክስ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፣ የመስማት ግዴታም የለበትም። «ሊኑክሱ ውስጥ ክሮስ ኮምፓይለር ይጫን» ይባል ይሆናል። ይቻላል። ግን እስቲ ተመልከቱት፦ ዊንዶውስ ላይ ቁጭ ብሎ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለማውጣት መጀመሪያ ሊኑክስ መጫን፣ ሊኑክሱ ውስጥ ለዊንዶውስ የሚያወጣ ኮምፓይለር መጫን፣ ከዚያ የወጣውን መልሶ ወደ ዊንዶውስ ወስዶ መሞከር። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን?

ሌላም አለ። ሁለተኛው ስሪት ቨርቹዋል ማሽን ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መብራት አለበት፤ ካልነካካችሁት ደግሞ የማሽኑን ራም እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። እኔ እዚህ የማገኛቸው ብዙዎቹ ተማሪዎች 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ነው የሚሠሩት። ብሮውዘርና ኢዲተር አብረው ሲከፈቱ የሚንተፋተፍ ማሽን ላይ ሌላ ሙሉ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) መጫን አያዋጣም። ላብ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅማ የአድሚን ፓስወርድ ስለሌለው ጨርሶ አይችልም። አንድ ፋይል ብቻ የሆነች የዊንዶውስ ቢልድ ቱል ግን በፍላሽ ይዟት ይመጣል፣ ያለ ኢንስታሌሽን ይከፍታታል።

ፍጥነቱንም ጸሐፊው አልፈውታል። ፋይሎቻችሁ ዊንዶውሱ ድራይቭ ላይ ካሉ ሁለተኛው ስሪት የሚያነባቸው 9ፒ በሚባል ፕሮቶኮል አቋርጦ ነው፣ ቀርፋፋ ነው። የቢልድ ቱል ዋና ሥራ ደግሞ «ይህ ፋይል መቼ ተቀየረ? ያኛውስ?» እያለ ሺህ ጊዜ መጠየቅ ነው። ስለዚህ በጣም የሚያመው ቦታ ላይ ነው የሚመታው። «ፋይሎቹን ወደ ሊኑክሱ በኩል አዛውሩ» የሚለው መልስ ልክ ነው፣ ግን ያኔ ደግሞ በዊንዶውሱ በኩል ያሉት ፕሮግራሞች ይንቀራፈፋሉ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሲግዊን በ1995 የተጀመረ ነው፣ የሊኑክስን ዓለም ዊንዶውስ ላይ ያስመስላል። ለብዙ ነገር ባለውለታችን ነው። ጊት ራሱ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ባሽ የተባለውን የሊኑክስ ትዕዛዝ መቀበያ የሚያመጣው ከኤምሲስ 2 ነው። ለአንድ የቆየ፣ በሼል ስክሪፕት ለተሞላ ፕሮጀክት እነዚህ ማስመሰያዎች አሪፍ ናቸው። ለቢልድ ቱል ግን አይመቹም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ፎርክ ነው። ሊኑክስ ላይ አዲስ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ሲጀመር በተለመደው አሠራር ወላጁ ራሱን ይገለብጣል፣ ግልባጩ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ይለወጣል። ዊንዶውስ ላይ ለተራ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ጥሪ የለም። ክሬት ፕሮሰስ የሚባለው ጥሪ ከባዶ ተነስቶ አዲሱን ያስጀምራል። ሲግዊን ፎርክን ለማስመሰል ብዙ መከራ ያያል፣ ዘገምተኛ መሆኑንም የራሱ መመሪያ ይናገራል። ቢልድ ቱል ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፕሮሰስ ማስጀመር ነው።

ሁለተኛው የፋይል አድራሻ ነው። ይሄን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ትዕዛዞቹን በስላሽ ይጀምራል። ስላሽና ሲ ብላችሁ ስትጽፉለት «ኮምፓይል አድርግ፣ ሊንክ (ወደ አንድ ፕሮግራም ማያያዝ) ግን አታድርግ» ማለታችሁ ነው። ኤምሲስ 2 ግን በስላሽ የሚጀምር ነገር ሲያይ የሊኑክስ አድራሻ መስሎት ይተረጉመዋል። ስላሽ ሲ የነበረው የሲ ድራይቭ ሆኖ ኮምፓይለሩ ጋ ይደርሳል። ኮምፓይለሩ ያልጠበቀው ነገር ስለመጣበት ይጮሃል፣ እናንተ ደግሞ የጻፋችሁትን መስመር ደጋግማችሁ ብታዩት ምንም ስህተት የለበትም። መፍትሔ አለው፣ ትርጉሙን የሚያጠፋ የኢንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ አለ። ግን «ኮዱ ሳይነካ ይሠራል» ከተባለ በኋላ ጀማሪ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሲወድቅ ማን ይደርስለታል?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የጽሑፉ ልብ እሱ ነው። ፖርት ማድረግ ኮዱን ያበላሻል ይላሉ። በየመስመሩ «ዊንዶውስ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚል ኢፍዴፍ የተሰገሰገበት ኮድ አይቻለሁ፣ ያስጠላል፣ ለማንበብም ይከብዳል። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ያ የመጥፎ ፖርት ባሕርይ ነው። ኒንጃን ክፈቱና እዩ። ፕሮሰስ የሚያስጀምረው ክፍል ለሊኑክስና ለመሰሎቹ አንድ ፋይል፣ ለዊንዶውስ ሌላ ፋይል አለው፤ የሚጠራቸው የቀረው ኮድ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አንድም ኢፍዴፍ የለበትም እያልኩ አይደለም፣ ግን ቦታ ቦታውን ይዟል።

ጉዳትስ? ኒንጃን የጉግል ክሮም ቡድን ውስጥ የነበረው ኢቫን ማርቲን ነው የጻፈው፣ መጀመሪያ ለሊኑክስ ነበር። ሲ ፋይል የትኞቹን ሄደር ፋይሎች እንደሚጠራ ለማወቅ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ለእያንዳንዱ ፋይል አንዲት ትንሽ ዝርዝር ይጽፋል፤ ኒንጃ ሲነሳ እነዚያን ሁሉ ያነባል። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ፣ በተለይም የፋይል ሲስተሙ ዘገምተኛ በሆነው ዊንዶውስ ላይ፣ ይህ ንባብ አነሳሱን አጓተተው። የኒንጃ መመሪያ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ስለዚህ ከ1.3 ስሪት ጀምሮ ዝርዝሮቹን ወደ አንድ የተጠቀጠቀ ፋይል የሚሰበስብ አሠራር ገባ። ይህ አሠራር ለዊንዶውስ ብቻ አይደለም፣ ለጂሲሲም ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ጎልቶ የታየው ሕመም የሊኑክሱንም ተጠቃሚ ፈወሰ።

ሌላ ላምጣ። ዊንዶውስ ላይ አንድ ትዕዛዝ ከ32,767 ፊደል መብለጥ አይችልም፣ ሲኤምዲ በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መስኮት በኩል ከሄደ ደግሞ ገደቡ 8,191 ነው። በርካታ ኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይለሩ ያወጣቸው ቁርጥራጮች) ያሉበትን ፕሮጀክት ሊንክ ስታደርጉ ይህ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ፖርት አድራጊው የፋይሎቹን ስም ሌላ ፋይል ላይ ጽፎ ለሊንከሩ «ከዚህ አንብብ» የሚል ሪስፖንስ ፋይል ይሠራል። «ሊኑክስ ይህ ችግር የለበትም» የሚል ሰው ይኖራል። አለበት! ጠቅላላው ገደብ ሰፊ ቢሆንም ሊኑክስ ላይ አንድ ነጠላ አርጉመንት (ለፕሮግራሙ የሚሰጥ አንድ ቃል ወይም ጽሑፍ) ከ128 ኪሎባይት ማለፍ አይችልም፤ ትዕዛዙን ሙሉውን እንደ አንድ ጽሑፍ ለሼል የሚሰጥ ቢልድ ቱል ደግሞ ያ ሁሉ እንደ አንድ አርጉመንት ነው የሚቆጠርበት። ፕሮጀክቱ ሲያድግ ሊኑክስ ላይም ይፈነዳል። ሪስፖንስ ፋይሉ አስቀድሞ ስለተሠራ ግን ይተርፋል።

አርጉመንትን ካነሳን፣ እዚህ ጋ ብዙ ፖርት ይሰናከላል። ሊኑክስ ላይ ለአዲስ ፕሮሰስ የምትሰጡት የአርጉመንቶች ዝርዝር ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ዊንዶውስ ላይ የምትሰጡት አንድ ረጅም መስመር ነው፣ የሚቆራርጠው ተቀባዩ ፕሮግራም ራሱ ነው። ፕሮግራም ፋይልስ የሚለው ፎልደር መካከሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው፤ ጥቅስ ካላደረጋችሁለት ለሁለት ይከፈላል። ጥቅስ ካደረጋችሁለት ደግሞ ከጥቅሱ በፊት ያለች አንዲት ባክስላሽ ትርጉሙን ትቀይረዋለች። ጥንቁቅ ሰው ይህን ሲያይ የመሣሪያውን ውስጥ ያስተካክላል፦ ትዕዛዝ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ በዝርዝር ይያዛል፣ አንድ መስመር የሚሆነው ሲላክ ብቻ። ይህን ያደረገ መሣሪያ ሊኑክስ ላይም የፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ሲያገኝ አይደናገርም።

የፋይል ሰዓትም እንዲሁ ነው። ፋት የተባለው የፋይል ሲስተም፣ ብዙ ፍላሾች ላይ ያለው፣ ፋይል የተቀየረበትን ሰዓት የሚይዘው በ2 ሰከንድ ርቀት ነው። የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሲስተም የሆነው ኤንቲኤፍኤስ በ100 ናኖሰከንድ። ከፍላሽ ላይ ቢልድ ያደረገ ልጅ ፋይሉን አስተካክሎ ወዲያው ቢልድ ቢል መሣሪያው «ምንም አልተቀየረም» ሊለው ይችላል። ያው ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ቢሰካም ያው ነው። ችግሩ የዊንዶውስ አይደለም፣ ፖርት ሲደረግ ነው የተገለጠው።

ይህ አዲስ ታሪክም አይደለም። ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፒዲፒ 11 ኮምፒውተር ወደ ኢንተርዳታ 8/32 ሲያሻግሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ቤል ላብስ ያሉት ሰዎች የሲ ቋንቋን ራሱን ነው ያጠነከሩት። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ሲኖር ማንም ልብ ያላለው ልቅነት ሌላ ማሽን ላይ ሲወጣ ታየ። ፖርት ማድረግ ማለት ቤት እንደመቀየር ነው፤ አልጋው ሥር ያለው ሁሉ ይወጣል።

አሁን ለእኛ የሚቀርበው ነጥብ። ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አላነሱትም፣ እኔ ግን በዓይኔ ስለማየው ዝም ልለው አልችልም።

ላፕቶፑ ላይ የተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ የጻፈ ሰው አለ። ሰላማዊት ብላ የጻፈችን ልጅ ውሰዱ። ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በስሟ ፎልደር ይከፈትላታል፣ ፕሮጀክቷም ዴስክቶፕዋም እዚያ ውስጥ ነው። ቢልድ ቱሉን ታስነሳለች። የሚመጣው መልስ ፋይሉ አልተገኘም የሚል ነው፣ በአድራሻው ውስጥ ደግሞ ሰላማዊት የነበረው ቦታ ላይ አምስት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ።

ምን ሆኖ ነው? ዊንዶውስ ፋይል የሚከፈትባቸው ሁለት ዓይነት በሮች አሉት። አሮጌው ኮድ ፔጅ በሚባል ጠባብ የፊደል ሰንጠረዥ ያልፋል፣ አዲሱ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ለመያዝ በተሠራው ዩኒኮድ። ለግሪክ 1253፣ ለዕብራይስጥ 1255፣ ለዓረብኛ 1256 የሚባሉ ሰንጠረዦች ነበሩ። ለግዕዝ ፊደል አልተሠራም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ስሪት ነው፣ ከዚያ ውጭ ሌላ በር የለውም። ሊኑክስን ብቻ አስቦ የጻፈ ሰው ኤፍኦፕን ብሎ ይከፍታል፤ እዚያ ባይቱ እንዳለ ስለሚያልፍ ምንም አይሆንም። ዊንዶውስ ላይ ያው ጥሪ በአሮጌው በር ይሄዳል፣ ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ዊንዶውስ ላይ በፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። በቃ፣ አለቀ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ወይ በአዲሱ በር መሄድ፣ ወይም ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1903 ጀምሮ ፕሮግራሙ ማኒፌስት (ስለ ራሱ ለዊንዶውስ የሚገልጽበት ጽሑፍ) ውስጥ «እኔ የምሠራው በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በባይት የሚጻፍበት መንገድ) ነው» ብሎ ማስታወቅ። ግን ይህን የሚያደርገው በጥንቃቄ ፖርት ያደረገ ሰው ነው። ዝም ብሎ ኮምፓይል ያደረገው አያደርገውም። እንግሊዝኛ ስም ብቻ ያለበት ማሽን ላይ የሚሞክር ሰው ደግሞ ችግሩ መኖሩንም አያውቅም። እኛ ነን የምናውቀው። ይህን ፈትሾ የሚያስተካክል ሰው ከሐዋሳ ካልወጣ ከየት ይወጣል?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሊኑክስም ከፊደላችን ጋር የራሱ ጣጣ አለበት። አንድ የፋይል ስም በተለመዱት የፋይል ሲስተሞች ላይ 255 ባይት ነው የሚፈቀድለት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ኤንቲኤፍኤስ ላይ 255 ፊደል ይገባል። ከዊንዶውስ የመጣ ረጅም የአማርኛ ፋይል ስም ሊኑክስ ላይ ላይገለበጥ ይችላል ማለት ነው። በሁለቱም ላይ የተሞከረ መሣሪያ ብቻ ነው ይህን ቀድሞ የሚያውቀው።

አራተኛው፣ «ሊኑክስ ይማሩ» የሚለው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። ይማሩ! እኔም እላቸዋለሁ። ግን አንድ ሰው የመጀመሪያውን ፕሮግራሙን ቢልድ ከማድረጉ በፊት ኦፕሬቲንግ ሲስተም መቀየር አለበት ማለት ትምህርት አይደለም፣ በር ላይ ቆሞ መመለስ ነው። ያለችውን አንድ ላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ ሊኑክስ ሊጭን ሲል የእህቱ የዩኒቨርሲቲ ሥራ የሚጠፋበት ልጅ አለ፤ ማሽኑ የቤተሰብ ነው፣ የእሱ ብቻ አይደለም። ይልቅ ዊንዶውሱ ላይ እያለ ያንኑ ቢልድ ቱል ከለመደ ነገ ሊኑክስ ላይ ሲሄድ ያንኑ ትዕዛዝ ነው የሚጽፈው። የሊኑክስ መንገድ በዚህ ይቀልለታል።

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው ያሉት እውነት አለው። አንድ ሰው ሞቅ ብሎት ሙሉ ፖርት ይልካል፣ ባለቤቶቹ ይቀበሉታል፣ ሰውየው ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ዊንዶውሱ ላይ አይሠራም፣ የሚያስተካክለው የለም። ይህ ይሆናል። መልሱ ግን ፖርትን መከልከል አይደለም። ለክፍት ፕሮጀክቶች ጊትሀብ የዊንዶውስ ማሽን በነጻ ያውሳል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ሲገባ እዚያ ላይ በራሱ ተሞክሮ የተበላሸ ነገር ካለ በዚያው ቀን ይታያል። ባለቤቶቹም «ለዊንዶውስ ተጠሪ እስካለ ድረስ እንደግፋለን፣ ከሌለ እናወጣዋለን» ብለው አስቀድመው ቢጽፉ ማንም አይቀየምም።

ስለዚህ ፖርት ልታደርጉ ለምታስቡ፦ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ጠቅልላችሁ አትላኩ። ባለቤቶቹን ጠይቁ። መጀመሪያ ፕሮሰስ የሚያስጀምረውን ክፍል ብቻ ለይታችሁ ወደ ራሱ ፋይል አውጡት፤ ይህ የሊኑክሱንም ኮድ ስለሚያጠራ ከዊንዶውስ ጋር ጉዳይ የሌለውም ሰው ሊቀበለው ይችላል። ቀጥሎ ሙከራዎቹን ዊንዶውስ ላይ አስኪዱና የሚወድቁትን አንድ በአንድ ያዙ። የፋይል አድራሻ ስላሽን ጉዳይ ለመጨረሻ አቆዩት፣ ዊንዶውስ ራሱ በአብዛኛው ቦታ የሊኑክሱን ስላሽ ይቀበላል። ሙከራዎቹ ውስጥ ደግሞ ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ መካከሉ ላይም ክፍት ቦታ ያለበት ፎልደር ጨምሩ።